ዓሣን በሕይወት ስለ ማጓጓዝ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ወጣቶቻችን ኩሬ ቆፍረን የዓሣ ጫጩት እናስመጣ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም የሚወጣው ገንዘብ የሁላችንም መዋጮ ስለሆነ፣ ከመወሰናችን በፊት ስለ ጉዞው አስረዳ ተብዬ ነው የቆምኩት። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል፤ በሕይወት ማጓጓዙማ የባሰ ብልሃት ይጠይቃል።

በግ ከገበያ ሲነዳ የሚተነፍሰው አየር የትም አይጠፋም። ዓሣ ግን የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም በዚያው ባለበት ውኃ ውስጥ ነው። በዕቃ ሲታጨቅ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ከራሱ የሚወጣው አሞንያ ይጠራቀማል። በመንገድ የሚፈጀው ይኸው ነው።

በውጭ አገር የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። እነሱ ቤት ሲለውጡ ጭንቀታቸው ሁሉ ለውኃው ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ አዲሱ ውኃ ከዚህ በጣም ከራቀ ዓሣው ይታመማል። ስለዚህ ከአሮጌው ውኃ የቻሉትን ያህል ይዘው ይሄዳሉ። የገንዳውን ድንጋይ እንኳ እንደረጠበ ነው የሚጭኑት፤ ለምን ቢባል አሞንያውን የሚያበርዱት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በድንጋዩ ላይ ነው። የእኛ ኩሬ ጨው ባይኖርበትም ነገሩ ያው ነው። ዓሣው ከመምጣቱ 2 ሳምንት ያህል አስቀድሞ ተሞልቶ፣ ጥቂት ፍግ ገብቶበት፣ ውኃው አረንጓዴ መልክ መያዝ አለበት። የቧንቧ ውኃ ከጨመርንበት ክሎሪኑ እስኪወጣ ቀናት መቆየት ይኖርበታል።

ወደ ጉዞው እንምጣ። ጫጩቶቹ ከመጫናቸው በፊት አንድ ቀን ምግብ አይሰጣቸውም፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ውኃውን አያቆሽሽም። በፕላስቲክ ከረጢት ሲሆን አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ የቀረው ኦክስጅን ተሞልቶ በላስቲክ ይታሰራል። ከዚህ ላይ ለእኛ ለደገኞች የሚሆን አንድ ነገር አለ፦ ከቆላ ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ከረጢቱም ይነፋል። ታች ጥግብ ተደርጎ የታሰረ ከረጢት ዳገቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ላላ አድርጋችሁ እሰሩት! ጉዞው በሌሊት ወይም በማለዳ ይሁን፤ የሞቀ ውኃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። እንደደረሰም ገልብጦ ማፍሰስ የለም። ከረጢቱ እንደታሰረ ግማሽ ሰዓት ያህል ኩሬው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ተፈትቶ የኩሬው ውኃ ጥቂት በጥቂት ይጨመርበት። ብርዱ በድንገት ከመታው ጉዞውን የቻለው ዓሣ በማግስቱ ይሞታል።

ትልቁ ጥያቄ ግን የትኛው ዓሣ ነው የሚለው ነው። ሁሉ የሚያወራው ስለ ቆሮሶ፣ ማለትም ስለ ቲላፒያ ነው። ቆሮሶ የሙቅ ውኃ ዓሣ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ይተዋል፣ ወደ 10 ሲወርድ ያልቃል። የእኛን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ታውቁታላችሁ። ካርፕ ብርዱን ይችላል፣ ዕድገቱ ግን ይዘገያል። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ለምዷል፤ ብርድ ይወዳል፣ ነገር ግን ንጹሕና ወራጅ ውኃ ካላገኘ በኩሬ አይኖርም።

ሌላም አለ። በወሎ የሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ አልነበረበትም፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰው ነው አምጥቶ የለቀቀበት። ተራባ፣ ብዙ ሰውም እየተመገበው ይኖራል። በሌላ በኩል ያ ጥርት ያለ ውኃ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ እየሆነ መጥቷል፤ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ ዓሣው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንዴ የተለቀቀ ዓሣ ተመልሶ አይሰበሰብም። ስለዚህ የተረፈ ጫጩት ወንዝ ውስጥ እንዳይደፋ፤ ከመንዝ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ጃማ ገብቶ ዓባይ ይደርሳል።

እንግዲህ ጫጩት ከመግዛታችን በፊት በባሕር ዳር ወይም በሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል እንጠይቅ። ሲጠይቁን የምንመልሰው እንዲኖረን፣ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ለማኅበሩ ያውስ። ወጣቶቹ ተራ ይግቡና ከኅዳር 1 እስከ ጥር መጨረሻ ፀሐይ ሳትወጣ የኩሬውን ውኃ እየለኩ በደብተር ይጻፉ።