ስፒከሩ ከመጣሉ በፊት
(በቂርያት ጋት በወጣቶች ምሽት የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን ቤት አሮጌ ካሴት ማጫወቻ አለ። ዘፈን ብቻ አይደለም ያለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ ዘመድ ሁሉ አብሮ አልመጣም። ስልክ እንደ ልብ ስላልነበረ የቀሩት ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። እኛ ቤት ያለው ካሴት ላይ አያቴ የሁላችንንም ስም እየጠሩ ሰላም ይላሉ። ስፒከሩ ግን ተቀዶ ጥዝ ጥዝ ይል ነበር። ወላጆቻችን ከጥዝታው መሃል ቃሉን ያወጡታል። እኛ በዕብራይስጥ የተማርነው ግን በደህናው ጊዜም ግማሹ ያመልጠናል፤ ሲሻክር ጭራሽ አንሰማም።

ስፒከር ማለት ያው ከበሮ ነው፤ በቆዳው ፈንታ ወረቀት አለው። ከኋላ ማግኔት አለ፣ መሃሉ ላይ ጥቅል ሽቦ። ኤሌክትሪክ ሲገባ ሽቦው ወደፊትና ወደኋላ ይላል፣ ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል። ወረቀቱ ሲቀደድ ጠርዞቹ እርስ በርስ ይማታሉ፤ ጥዝታው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ከመብራት ይነቀል። ብሎን ስትፈቱ ተጠንቀቁ፤ ማግኔቱ መፍቻውን ከእጃችሁ ስቦ ወረቀቱን ያስበሳል። ከዚያ ወረቀቱን በአራት ጣት እኩል ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። ፍቅ ፍቅ ካለ ችግሩ ሽቦው ጋ ነው፣ ወረቀት መለጠፍ አይጠቅመውም። ዝም ካለ ግን ደስ ይበላችሁ።

የሚያስፈልገው ነጭ የእንጨት ኮላ (እዚህ ሱቅ ዴቬክ ፕላስቲ የሚሉት) እና የሻይ ከረጢት ወረቀት ነው። አዎ፣ ሻዩን አፍስሳችሁ ከረጢቱን። ቀጭን ነው ግን ጠንካራ ነው። ከቀዳዳው ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቅደዱት፤ በመቀስ አትቁረጡት፣ የተቀደደ ጠርዝ ይበልጥ ይያያዛል። ኮላውን በትንሽ ውኃ አቅጥናችሁ ከኋላ በኩል ለጥፉ፣ 24 ሰዓት ይድረቅ። ኮላ አታብዙ፤ ወረቀቱ ከከበደ ድምፁ ይታፈናል። በሰከንድ የሚይዘውን ሙጫ ደግሞ ተዉት፣ ድርቅ ብሎ አጠገቡ ሌላ ቀዳዳ ያስከፍታል።

ዳሩ ላይ ያለው ስፖንጅ ከሆነ የተበላሸው፣ ሌላ ነገር ነው። ስፖንጅ ከ15 ወይም 20 ዓመት በኋላ በእርጥበትና በብርሃን ራሱ ይፈራርሳል፤ ስትነኩት እንደ ሬንጅ እጅ ላይ ይቀራል። አይለጠፍም፤ ልኩ ተለክቶ አዲስ ቀለበት ይገዛል።

ሽቦው መቃጠሉን በመለኪያ ታውቃላችሁ። 8 ኦም የተጻፈበት 6 ወይም 7 ካሳየ ደህና ነው፤ ምንም ካላሳየ ሌላ ስፒከር ፈልጉ፣ ካሴቱን ግን አስቀምጡት።

አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንዱን እከፍታለሁ። ልጆች ቅረቡ፣ ኮላውን የሚይዝልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።