የመስቀል ወፍ ወዴት ይሄዳል? ወፎችን በደጃፍና በባዕድ አገር ስለ መመልከት



በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚሰወር ወዳጅ ሲገጥመን «የመስቀል ወፍ ሆንህብን» እንለዋለን። አባባሉ የተወለደው በእርግጥ ከታየ ነገር ነው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አደይ አበባም ሲፈነዳ፣ በየማሳው ዳር ያጌጡ ትንንሽ ወፎች ይታያሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይተውም ከዓይን ይጠፋሉ። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ወፉ ከታየ በኋላ ወዴት ይሄዳል? መልሱ ግን አንድ አይደለም። ወፍ ከዓይናችን የሚጠፋባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ሦስቱን ለይቶ ሊያውቅ የሚችለውም በደጃፉ ሆኖ ሳያቋርጥ የተመለከተና ያየውን የጻፈ ሰው ነው።

የመጀመሪያው፣ ሳይሄዱ መጥፋት ነው። በዚህ ወቅት በደጋው አገራችን ከሚደምቁት ወፎች አንዱን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩፕሌክቴስ ካፔንሲስ የሚባለውን እንውሰድ። በመራቢያው ጊዜ ወንዱ ገላው እንደ ከል ይጠቁራል፤ ትከሻውና ወገቡ በደማቅ ቢጫ ይዋባል። ወቅቱ ሲያልፍ ጥቁሩ ላባ ረግፎ በቡናማ ዝንጉርጉር ይተካል፤ ከሴቶቹ መካከል ለይቶ ማየትም ያስቸግራል። ስለዚህ ወፉ ከአካባቢው ሳይርቅ «ጠፋ» እንላለን። የጠፋው የክት ልብሱ ነው።

ሁለተኛው፣ በእውነት መሄድ ነው። ይህን ጥያቄ አውሮፓውያንም ለብዙ ዘመናት ሲጠይቁት ኖረዋል። አርስቶትል አንዳንድ ወፎች የብርድ ወራትን በጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገው ያሳልፋሉ ብሎ ጽፎ ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጀርመን፣ ክሉትስ በተባለች ከተማ አጠገብ አንድ ሽመላ ተመትቶ ወደቀ፤ አንገቱንም ከአፍሪካ የመጣ ረጅም የእንጨት ጦር ሰንጥቆት ነበር። ወፉ ጦሩን ተሸክሞ ከአህጉር አህጉር መብረሩ፣ ሽመሎች የብርዱን ወራት የት እንደሚያሳልፉ በግልጽ አመለከተ። ለስብሰባ ወደ ጀርመን በሄድሁበት ጊዜ ይህን ሽመላ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ስብስብ ውስጥ ቆሜ ተመልክቼዋለሁ። ለእነርሱ የጥያቄው መልስ የተገኘው ከእኛ አህጉር በሄደ እንጨት ነው።

በዚያው ጉዞ በአንድ ረግረጋማ መስክ ላይ ጅራቷን የምታወዛውዝ ሆደ ቢጫ ወፍ አየሁ። ይህችኑ ዝርያ ከመስከረም ጀምሮ እስከ በጋው መጨረሻ በዚህ ግቢ ሣር ላይ፣ በእግራችን ሥር ስትመላለስ ታዩአታላችሁ። ስለዚህ ያየኋት የባዕድ አገር ወፍ አልነበረችም፤ የግቢያችንን እንግዳ በሌላው ቤቷ አገኘኋት እንጂ። የሩቅ አገር ጉዞ ለወፍ ተመልካች የሚሰጠው ትልቁ ትምህርትም ይኸው ይመስለኛል። በጉዞ ላይ የምናየው የታሪኩን ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ደጃፋችን ላይ ያልተከታተለ ሰው፣ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይመለሳል።

ሦስተኛው መንገድ ግን መመለሻ የለውም። የሕንድን አሞራዎች ታሪክ ልጥቀስ። ኬኦላዴኦ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥንብ አንሣዎች ተቆጥረው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቆጠራው ሲደገም ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሎ ተገኘ። በኋላ በመላ አገሪቱ የተደረገው ንጽጽር እንዳሳየው፣ ባለ ነጭ ወገቡ ጥንብ አንሣ ከ1992 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። ምክንያቱ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ መሆኑን በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፓኪስታን የተደረገ ጥናት አረጋገጠ፤ በመድኃኒቱ የታከመ ከብት ሲሞት፣ ሥጋውን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞት ነበር። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል በ2006 እ.ኤ.አ. ከለከሉ። ልብ በሉ፤ የቀደመው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ «ድሮ አሞራ ይበዛ ነበር» ከሚል የሽማግሌ ትዝታ በቀር ማስረጃ ባልተገኘ ነበር።

ይህን የምናገረው ስለ ሕንድ ብቻ አይደለም። በየቄራውና በየቆሻሻ መጣያው የምናየው፣ ቀጭን ምንቃር ያለው ትንሹ ጥንብ አንሣ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመድቧል። በአፍሪካ ውስጥ መርዝና ለባህላዊ መድኃኒት የሚደረግ ንግድ ዋነኞቹ ጠላቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ዛሬም በዝቶ ስለሚታይ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። ተራ የሆነን ነገር የሚጽፍ የለምና፣ ተራው ነገር ሲጠፋ ምስክር ያጣል።

ጽሑፉስ ምን ይሁን? የደቡቡ አገራችን ብርቅዬ የሆነችው የሩስፖሊ ቱራኮ ታስተምረናለች። የመጀመሪያውን ናሙና የሰበሰበው ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን ተገደለ። ወፏ በ1896 እ.ኤ.አ. ስም ቢወጣላትም የተገኘችበት ቦታ አልተመዘገበም፤ በሕይወት ዳግም እስክትገኝ ድረስም አሥርት ዓመታት አለፉ። ናሙናው በእጅ ነበረ፤ የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ አጉሊ መነጽርና የአውሮፕላን ትኬት እስክታገኙ አትጠብቁ። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ የሚደረገው የገና ወፍ ቆጠራ በ1900 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተሳተፉት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። እያንዳንዳችሁ ከመኝታ ክፍላችሁ መስኮት የሚታይ አንድ ቦታ ምረጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለ10 ደቂቃ ተመልከቱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነትና ቁጥር ጻፉ። ምንም ያላያችሁ ዕለትም «ምንም የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ያ መስመር ከሃያ ዓመት በኋላ እጅግ ሊፈለግ ይችላል። ስትመረቁም ደብተሩን ለሚቀጥለው ተማሪ አስረክቡ።