ወደ ጣና ይመጣ የነበረው እንግዳ ለምን ቀነሰ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከመራዊ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ይኸውም ባሕር ዳርንና ጣናን ለማየት ይመጣ የነበረው እንግዳ ለምን እንደ ቀነሰ መመርመር ነው። «ሆቴልና ጀልባ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን ሰው ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ባሕር ዳር ከእኛ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ እዚያ የጎደለው እዚህም ይጎድላል።

ነገሩን በምናውቀው ምሳሌ እናስረዳ። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። በቦዩ አጠገብ ያደገ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ውሃው ከላይ ሲቀንስ አስቀድሞ የሚደርቀው በቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ነው። የእንግዳ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። እንግዳው ባሕር ዳር ገብቶ አልጋ ሲይዝ ሆቴሉ ከገበሬው ማሳ የወጣ ሽንኩርትና ድንች ይገዛል፤ ጀልባ ነጂው ነዳጅ ይቀዳል፤ በዘጌ ያለችው እናት ቡናዋን ትሸጣለች፤ አስጎብኚው ለታናሽ እኅቱ ደብተር ይገዛል። እንግዳው ሲቀር ሆቴሉ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ከዚያ ሽንኩርት ይቀንሳል። የቦዩ ጫፍ እንግዲህ እኛ ነን።

ለመሆኑ እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣ ነበር? ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። በውስጡ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ በደሴቶቹና በዳርቻው እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እንደ ክብራን ገብርኤል፣ እንደ ናርጋ ሥላሴና እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ጥንታውያን ገዳማት አሉ። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ጥቂት ተጉዞ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ግልገል ዓባይ ደግሞ የሚነሣው ከሰከላ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 ያን ምንጭ ለማየት ሲሉ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ደክመው መጥተዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ለዓለም ሲያስተዋውቁ ባሕር ዳር ከጎንደር፣ ከአክሱምና ከላሊበላ ጋር በታሪካዊው የጉብኝት መስመር ውስጥ ገባች። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ጋር መዘገበው። እንግዲህ የጠፋው የሚታይ ነገር አይደለም።

ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው የአብርሃምን ታሪክ ከኦሪት ዘፍጥረት አንብበናል፤ አያቶቻችን ግን በመጽሐፉ ያላገኘነውን ይጨምሩልናል። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ይህን ያየ ሰይጣን ራሱን ፈንክቶ፣ ደሙን እያዘራ መንገድ ላይ ተቀመጠ፤ ለሚያልፈውም ሁሉ «አብርሃም የድሮው አብርሃም አይደለም፤ ይኸው ደብድቦ ሰደደኝ» እያለ ሰውን መለሰ። አብርሃምም ማዕዱን አቅርቦ ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ። እኛም ይህን ታሪክ ይዘን ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቃለን። እንግዳ የሚቀረው መንገዱ ቢዘጋ ነውን? ስሙ ቢጠፋ ነውን? ወይስ ቤቱ ራሱ ቢበላሽ ነው?

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ እንናገር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ገባ፤ የዓለም መንገድ ሁሉ ተዘጋ። ይህ ያገኘው እኛን ብቻ አይደለም፤ ሌላው ዓለም ግን በሽታው ሲያልፍ እንግዳውን መልሶ መቀበል ጀመረ። በእኛ አገር በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በኅዳር ወር ወደ ባሕር ዳር ሮኬት ተተኮሰ። ያ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ሲባል ዓመት ሳይሞላ ግጭቱ ወደ ራሳችን ቀዬ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለስድስት ወር ታወጀ፤ በኋላም ለአራት ወር ተራዘመ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገድ በየጊዜው ተዘጋ፤ መንገደኛን አግቶ ገንዘብ መጠየቅም የተለመደ ወሬ ሆነ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና ድሮ እንግዳው ምሳ የሚበላበት፣ ቡና የሚጠጣበት ነበር። ከዚያ ወዲህ አቅም ያለው በአውሮፕላን በላያችን ያልፋል፤ አቅም የሌለው ከቤቱ አይነሣም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙን በጠራን ቁጥር ምን እንደ ጎደለን ያስታውሰናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ራሳችንን እንታዘባለን። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በከተማችን በመራዊ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ማረጋገጡን ገልጿል። ስለዚህ እኛ ስለ ቀረው እንግዳ ስንናገር የሞቱትን ወገኖቻችንን ረስተን አይደለም። በአንድ ቤት ሐዘን ሲገባ እንግዳ ቀረ ብሎ የሚያዝን የለም፤ መጀመሪያ የቤቱ ልጅ ነው የሚለቀሰው። ሰላምን የምንለምነው ለጎብኚ ሳይሆን በቅድሚያ ለራሳችን ነው። ይሁንና ሰላም ለቤት ልጅ ሲሆን ለእንግዳም ይሆናል፤ ለቤት ልጅ ያልሆነ ሰላም ግን እንግዳን አያታልልም።

ሁለተኛው ምክንያት ስም ነው። የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው «ወደዚያ አትሂዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ማስጠንቀቂያው ባለበት ቦታ ብዙው የመድን ድርጅት ተጓዡን አይዋስም፤ ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅት ሰው ሊያመጣ ቢፈልግ እንኳ አይደፍርም። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለችው የኬንያዋ ሞምባሳ ነጭ አሸዋዋና ሞቃት ባሕርዋ ሳይለወጥ በግንቦት 2006 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ባወጣው ማስጠንቀቂያ ብዙ መቶ ጎብኚዎች ዕረፍታቸውን አቋርጠው ተመለሱ። አሸዋው እዚያው ነበረ፤ እምነቱ ግን ጠፋ።

የጠፋ ስም እንዴት ይመለሳል? አንዳንድ ሰው «ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ፎቶግራፍ በየስልኩ መበተን ይበቃል ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። «ደኅና ነው» ተብሎ የመጣ እንግዳ ሌሊት የተኩስ ድምፅ ከሰማ እርሱ አይመለስም፤ ሌላም ሰው እንዳይመጣ ይመክራል። አብርሃም ስሙን ያጠፋበት ውሸት ነበር፤ እኛ ግን ስማችንን ያጠፋው እውነት ሲሆን በውሸት ልናጥበው አንችልም። የትኛው መንገድ ደኅና እንደ ሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ሳይደብቁ መንገር ከሁሉ የተሻለ ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የቤታችን ጉዳይ ነው። ስለ እርሱ መናገር ይከብዳል፤ ምክንያቱም በሰው ላይ የምናላክክበት አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ እንግዳው መቀነስ የጀመረው በጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነው ብለን ራሳችንን ባናታልል መልካም ነው።

ጢስ ዓባይን እንመልከት። ሥዕሉ በአንድ ብር ወረቀት ጀርባ ላይ ታትሞ የኖረ ፏፏቴ ነው። በ1956 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ 11.4 ሜጋዋት ብቻ ስለ ነበረ ከውሃው ብዙም አልወሰደም። በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው ግን 73 ሜጋዋት ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ጨረጨራ ላይ በተሠራው ግድብ ውሃው እየተመጠነ ወደ ማመንጫው ሲዞር ፏፏቴው በበጋ ቀጭን ክር ሆነ። ጎብኚው በብዛት የሚመጣው ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ጥር ነው። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲደርስ በሥዕል ያየውን አላገኘም። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ሥራ ሲጀምር የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ለመጠባበቂያ ተተዉ፤ ነገር ግን ያም ማመንጫ ውሃውን የሚወስደው ከዚያው ከሐይቁ ነው። መብራት አያስፈልግም አንልም፤ እኛም የምናጠናው በመብራት ነው። የምንለው፣ ሒሳቡ ሲሠራ የጢስ ዓባይ ልጆች የሚያጡት እንጀራም አብሮ ይቆጠር ነው።

እምቦጭስ? ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ በዘመቻ እየወጣ በእጁ ነቅሎታል፤ አረሙ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ለምን? አረሙ የሚወደውን ምግብ የምንልክለት እኛ ስለ ሆንን ነው። ከሜጫና ከሰከላ ማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል። የከተማ ፍሳሽም ይጨመርበታል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚባለው ይህ ነው፤ ጥፋቱ እንደ ጥይት ስለማይጮህ ማንም አልደነገጠም።

አሁን ደግሞ የራሳችንን እንናዘዝ። ሕፃናት ሳለን የጎብኚ መኪና ባየን ጊዜ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ለመለመን በአስፋልቱ ዳር እንሮጥ ነበር፤ የማይሰጠንን መኪና በድንጋይ የወረወርንም አለን። ይህ የልጅ ጨዋታ መስሎን ነበር። ያ እንግዳ ግን የአብርሃምን ቤት ሊያይ መጥቶ በደጃፉ ድንጋይ አገኘ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የጦርን ነገር መጨረስ የታላላቆቻችን ሥራ ነው፤ እኛ ልጆቻችሁ የምንለምነው በንግግር እንድትጨርሱት ነው። በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኩዮቻችን ዓመታቸውን ስላጡ ይህን ለመለመን መብት ያለን ይመስለናል። ሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. ከደረሰባት እልቂት ተነሥታ ዛሬ ዓለም ጎሪላ ለማየት ይሄድባታል፤ ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢም 10 በመቶውን ለአካባቢው ሕዝብ ታካፍላለች። ተጠቃሚ የሆነ ገበሬ የእንግዳው ጠባቂ ይሆናል። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው።

እስከዚያው ግን የእኛ የተማሪዎች የሆነ ሥራ አለ። በክፍላችን ውስጥ «የጣናን ደሴት ያላየ እጁን ያንሣ» ብለን ብንጠይቅ ብዙ እጅ ተነሣ። በ35 ኪሎ ሜትር ርቀት አድገን ገዳማቱን ሳናይ ትምህርት ልንጨርስ ነው! እንግዳ ማለት ፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ደኅና ሲሆን የመራዊ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ተማሪ የመጀመሪያው ጎብኚ ይሁን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይ እኛንም ለማሻገር ነው። ደግሞም በየማሳችን እርከን እንሥራ፤ በግልገል ዓባይ ዳር ዛፍ እንትከል፤ ታናናሾቻችንን መኪና ተከትሎ ከመለመን እንመልስ። ለዚህ ማንም እስኪፈቅድልን መጠበቅ አያስፈልግም።

አብርሃም መንገዱ ተዘግቶበት ሦስት ቀን ሲጾም ድንኳኑን አላፈረሰም፤ ማዕዱንም አላነሣም። እንግዶቹ በመጡ ጊዜ ቤቱ ተዘጋጅቶ ስለ ቆየ ሮጦ ተቀበላቸው። ሰላም ሲመለስ የእኛም ሐይቅ ንጹሕ፣ የእኛም ደጃፍ ያለ ድንጋይ ሆኖ ይገኝ ዘንድ ከዛሬ እንጀምር እንላለን።