የነፍሰ ጡር እናት ጥርስ

  የዛሬው ንግግሬ ስለ ነፍሰ ጡር እናት ጥርስ ነው።

በማስተምርበት የጎልማሶች ክፍል አንዲት እኅት ነበረች። ፊደል ቶሎ የለየች ጎበዝ ተማሪ ናት። አንድ ማታ «ተነሺና አንብቢ» ስላት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ዝም አለች። ጉንጯ አብጧል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጥርሷን ካመማት ሦስት ሳምንት አልፎታል።

«ታዲያ ለምን አልታከምሽም?» አልኳት።

«እርጉዝ ጥርሷን ከተነቀለች ፅንሱ ይወርዳል አሉኝ። ስወልድ ይተወኛል» አለችኝ።

እናንተም ይህን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ነገሩ ግን እውነት አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ጥርሷን መታከም ትችላለች። በተለይ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለመታከም ይመቻል። ሕመሙ ከጠና ግን በየትኛውም ወር ቢሆን መቆየት አይገባም። የሚጎዳው ዝም ብሎ መቀመጡ ነው። መግል የቋጠረ ጥርስ ምግብና እንቅልፍ ይነሣል። ቁስሉም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊዛመት ይችላል። እናት ካልበላች ፅንሱ ከየት ያገኛል?

«ልጅ በተወለደ ቁጥር የእናቱን ጥርስ ይወስዳል» የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ፅንሱ አጥንቱን የሚሠራው እናቱ ከምትበላው ምግብ ነው። ምግቡ ካነሰ ከእናቲቱ አጥንት ይወስዳል እንጂ ከጥርሷ አይወስድም። ስለዚህ ወተት፣ አይብ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ይጠቅሟታል።

ታዲያ በእርግዝና ጊዜ ድድ ለምን ይደማል? ሰውነት ስለሚለወጥ ድድ ቶሎ ይቆጣል፤ ያብጣል። ብዙ ሴቶች ደም ሲያዩ መፋቅ ይተዋሉ። ድዱን የሚያስቆጣው ግን በጥርስ ሥር የሚጋገረው ቆሻሻ ነው። ካልተፋቀ ይብስበታል። ድድን መነቀስም መድኃኒት አይደለም። ያልጸዳ መርፌ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ጥርሳችሁን ጧትና ማታ ቀስ አድርጋችሁ ፋቁ። ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ቢገኝ መልካም ነው። ከሌለ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ይሆናል። የመፋቂያው ጫፍ በደንብ ይታኘክና ይለስልስ።

2. ካስመለሳችሁ ወዲያው አትፋቁ። የጨጓራ አሲድ የጥርስን ሽፋን ያለሰልሰዋል። በውሃ ተጉመጥመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ፋቁ።

3. ስኳር የበዛበት ሻይና ከረሜላ ቀንሱ።

4. ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጥርሳችሁንም አሳዩ። የስንት ወር ነፍሰ ጡር እንደሆናችሁ ተናገሩ። ከሱቅ ወይም ከጎረቤት መድኃኒት ወስዳችሁ አትዋጡ። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ያበልዛል።

አባወራዎች ሆይ፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥርስን የሚያበላሹ ጀርሞች ከእናት አፍ ወደ ልጅ አፍ ይተላለፋሉ። እናት ለልጇ አላምጣ ስታጎርስ ጀርሙም አብሮ ይጎረሳል። የእናቲቱን ጥርስ ማሳከም የልጁንም ጥርስ መጠበቅ ነው።

ያቺን እኅት ባሏ ወደ ሐኪም ወሰዳት። ጥርሷ ተነቀለ። ፅንሱ አልወረደም። ወሯ ሲደርስ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከአራስ ቤት ወጥታ ወደ ክፍል ስትመለስ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። እነዚህን ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ድድ፣ መፋቂያ፣ ሐኪም። ከዚያም ይህን ጽሑፍ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችሁ አንብቡላት። ማንበብ መማራችሁ ለእሷም ይድረሳት።