የታዳሽ ኃይል አገር እና የድንጋይ ከሰል ጥያቄ



ከድንጋይ ከሰል ወደ ታዳሽ ኃይል ስለሚደረገው ሽግግር ሲነሣ፣ ጉዳዩ የቻይና፣ የሕንድ ወይም የደቡብ አፍሪካ እንጂ የእኛ የማይመስለን ብዙዎች ነን። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃና ከነፋስ የሚገኝ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አጽንቶታል።

ይሁን እንጂ አያትን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ እስከ አያት የሚዘልቀው በኤሌክትሪክ ነው። በአካባቢው የሚገነቡት ሕንፃዎች ግን ሲሚንቶ ይፈልጋሉ። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግሉ ነው፤ በአብዛኞቹ ፋብሪካዎቻችን ይህን ሙቀት የሚሰጠው የድንጋይ ከሰል ነው።

እንግዲህ የእኛ ችግር ጠባዩ ልዩ ነው። ብሪታንያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በድንጋይ ከሰል የሚሠራውን የመጨረሻ የኤሌክትሪክ ማመንጫዋን ስትዘጋ፣ በምትኩ የነፋስና የጋዝ ማመንጫዎች ነበሯት። የእኛ ከሰል የሚነደው ለመብራት ሳይሆን ለእቶን ነው፤ በግድብ ላይ ግድብ ብንጨምር እቶኑ በራሱ አይለወጥም። ከዚህም በላይ፣ በሲሚንቶ ምርት ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመነጨው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው።

ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት መተካት የውጭ ምንዛሪ ያድናል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን የሚከፈት ማዕድን ሁሉ ሠራተኛን፣ ብድርንና ገበያን በዙሪያው ይሰበስባል። ደቡብ አፍሪካ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የኮማቲን ማመንጫ ስትዘጋ የተማረችው ይህንኑ ነው፤ ማሽኑን ማቆም ተቻለ፣ የአካባቢውን ሕዝብ መተዳደሪያ መተካት ግን ከበደ። በእኛም አገር፣ የድንጋይ ከሰል ክምችት ያለበት ያዩ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት የመዘገበው የዱር ቡና ደን መገኛ ነው።

ስለዚህ ሽግግሩ መታቀድ ያለበት ማዕድኑ ሲያረጅ ሳይሆን ሲከፈት ነው። የክሊንከርን ድርሻ በፑሚስና በእሳት በጋለ የሸክላ አፈር መቀነስ፣ የእርሻ ተረፈ ምርትን ለእቶን ማዋል፣ ለማዕድን ሠራተኛው ሌላ ሙያ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህ የመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን የምጣኔ ሀብት ባለሙያውና የሕግ ዐዋቂውም ሥራ ነው። የማዕድን ውል ሲፈረም የመዝጊያው ጊዜና ወጪ አብሮ ካልሰፈረ፣ ዕዳው የሚወርደው በእናንተ ትውልድ ላይ ነው።