ሰንጢ ፈላጊውና ሸቃጩ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

 በዛሬው ምሽት የምንነጋገርባት ዕቃ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት፤ ይህችውም ሰንጢ ናት። ሰንጢ ሲባል ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ብርዕ ለሚቀርጸው ጸሐፊ፣ የሽንኩርት ቅጠል ለሚቆርጠው ገበሬ፣ ጠፍር ለሚተለትለው ባላገር ያለ እርሷ ሥራው እንደማይቃናለት የታወቀ ነው። ከእነዚህም ሌላ ሰንጢን ለሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ አሠራሯ ማማር ብለው እየመረጡ የሚገዙና በክብር የሚያስቀምጡ ሰብሳቢዎች በዓለም ላይ ብዙዎች ናቸው። የንግግራችን መነሻም የእነዚህ ሰዎች አቤቱታ ነው።

ካርል ኤልዘነር የተባለው ስዊሳዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያውን ከፍቶ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ሲጀምር፣ ጆሴፍ ኦፒኔልም በ1890 በፈረንሳይ በሳቯ አውራጃ እጀታዋ ከእንጨት የሆነችውን ሰንጢ ሲያወጣ፣ ሁለቱም ያሰቡት ተራው ወታደርና ባላገሩ በኪሱ የሚይዘውን ዕቃ ለመሥራት ነበር። ዛሬ ግን ከታላላቆቹ ፋብሪካዎችም ሆነ በግላቸው ከሚሠሩት ጥበበኞች ዘንድ እያንዳንዱ ቁጥር እየተመታበት፣ ከዚህ በላይ አይሠራም ተብሎ አስቀድሞ እየተነገረ የሚወጣ ሰንጢ አለ። ሰብሳቢውም ይህን ሰምቶ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሸቃጩ ግን ቀድሞት ይደርሳል። በገዛ ስሙ ብቻ አይበቃውም፤ በወንድሙና በጎረቤቱ ስም ጭምር ያዝዛል። ረፋድ ላይ አለቀ የተባለው ሰንጢ ማታውን በሌላ ሻጭ ዘንድ በእጥፍ ዋጋ ይታያል። ከዚያም በላይ የሚያስገርመው፣ ሣጥኑ ያልተከፈተ እንደ ሆነ ዋጋው የሚጨምር መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰንጢው አንዲት ክር እንኳ ሳይቆርጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይኖራል። መቼም ስለት ያለው ነገር ከዚህ የባሰ ሥራ መፍታት ሊገጥመው አይችልም።

አንዳንድ ሠሪዎች ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አንሸጥም ብለው ደንግገዋል፤ አንዳንዶቹም ፈላጊዎቹን መዝግበው በዕጣ ይሰጣሉ። ዕጣ ለሁሉም እኩል ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሸቃጭ ቢሆን ማን ይከለክለዋል? የሰብሳቢዎቹን ምሬት ስናዳምጥ ጥፋቱ ሁሉ የሸቃጩ ይመስላል። እኛ ግን ነገሩን ወደ አገራችን አምጥተን ብንመለከተው ሌላ መልክ ሳይኖረው አይቀርም።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲገነጠል ያያል። ዙሪያውን የተዘረጋው ሜዳ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ሩዝ የገባበት ይህ አገር፣ አዝመራው ሲደርስ ሰብሉ የሚታጨደው በእጅ ስለ ሆነ የማጭድና የካራ ፈላጊው ብዙ ነው። ብረት ቀጥቃጩ ግን ጥቂት ነው። በመኪና ባሌስትራ ስባሪ፣ በከሰልና በወናፍ የሚሠራ ሰው፣ ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውኃ አጠጥቶና ስሎ እጀታ እስኪያገባለት ድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። የሚታጠፈው ሰንጢ ደግሞ ማጠፊያው ረቂቅ ሥራ ስለሚጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ እንበል። የስዊሱ ሰንጢ ጥቂት የሆነው ፋብሪካው ጥቂት ይሁን ስላለ ነው፤ ቢፈልግ ነገ እልፍ ሊያወጣ ይችላል። የእኛ አገር ካራ ጥቂት የሆነው ግን የቀጥቃጩ ክንድ ሁለት ብቻ ስለ ሆነና፣ እርሱን ለመተካት የሚሻ ልጅ ስለ ታጣ ነው። ልጁስ ለምን ይሽ? ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ እያልን፣ ማረሻችንን ከእርሱ ተቀብለን ከማዕዳችን ስናርቀው ብዙ ዘመን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው እንዳይሰድቡት በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ይሁን እንጂ አዋጅ የሰውን አፍ በአንድ ቀን አይዘጋም። በጎንደር አገር በብረትና በሸክላ ሥራ ስማቸው የታወቀው ቤተ እስራኤሎችም በ1977 ዓ.ም.ና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው ሙያቸው አብሯቸው ሄዷል።

በዚህ ጥቂት ሥራና በብዙ ፈላጊ መካከል ባለው ክፍተት ነው አትራፊው የሚገባው። እንበልና ቀጥቃጩ አንድ ካራ በ300 ብር ለአትራፊው ቢሰጥ፣ ካራዋም ከተማ ገብታ ለአገር ባህል ዕቃ ወዳዱ በ900 ብር ብትሸጥ፣ 600 ብሩ የተከፈለው ለብረቱም ለእሳቱም ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች ስላልተዋወቁ ብቻ ነው። የፎገራ ሽንኩርት አምራች ደላላን ሲያማርር የሰማ ሁሉ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ገዥው ዋጋው ናረብኝ ይላል፤ ቀጥቃጩ ግን ያ የናረው ዋጋ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ልጁም አባቱ 300 ብር ሲቀበል አይቶ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል።

ከወረታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባለው ስፍራ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ከውጭ የመጡትን ሚሲዮናውያን አስገድደው፣ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚሁ ስፍራ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ አውርዶ በሐራጅ ሸጠው። ከብሪታንያ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ከአንድ ወታደር ላይ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ የገዛው በ4 ፓውንድ ነበር። ይህ እንግዲህ ሸቀጥ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ቢሆንም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ዋጋው ሲያድግ የሠራው ሰው ሲረሳ መኖሩ፣ አሁን ከምንናገረው ነገር ጋር አንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጋሻ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ለሐራጅ ሊቀርብ ሲል ተቃውሞ ተነሥቶ ከሽያጭ ወጣ፤ ከዚያም ተገዝቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። የራስን ጋሻ በገንዘብ ገዝቶ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ አድማጮቻችን ይፍረዱት።

ስለዚህ ሸቃጩን መራገም ለሰንጢ ፈላጊው የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። ሸቃጩ ወንበዴ አይደለም፤ ፈላጊው ያልሄደበትን መንገድ ሄዷል። ፈላጊው ያንን መንገድ ራሱ ይሂድ። ወደ ቀጥቃጩ ደጅ ደርሶ ቀብድ ይስጥ፤ እጀታው ከቀንድ ይሁን ከወይራ ይንገረው፤ ዋጋውንም ከተማ ከሚከፍለው ብዙ ሳያጎድል ይክፈለው። ቀጥቃጩም በበኩሉ የታዘዘውን በተራ በደብተር ያስጽፍ፤ ከስለቱ ሥር የራሱን ምልክት ይምታበት፤ ቀብድ የተቀበለበትን ሥራ ለመጣ አትራፊ አሳልፎ አይስጥ። ማጭድ የሚፈለግበት ወራት ለሰንጢ አይመችምና፣ ማዘዝ የሚሻ ሰው ሩዙ ታጭዶ ካበቃ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል።

ካራውን ከተቀበለ በኋላም የሠሪውን ስም፣ የመንደሩን ስምና የተሠራበትን ዓመት በወረቀት ጽፎ ከሰገባው ጋር ያኑር። ከጥንት በቀሩን ብዙ ጎራዴዎችና ካራዎች ላይ የቀጥቃጩ ስም አይገኝም።