አዲስ ዓሣ በተለየ ውኃ፦ የለይቶ ማቆያ ጊዜ በምን ይለካል?



የዛሬው ገለጻዬ አዲስ የተገዙ የአኳሪየም ዓሦችን ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀል በፊት ለይቶ ስለማቆየት ነው። ርእሱ ከቤት ጌጥ ያላለፈ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚደርሰው ነገር በርባታ ኩሬና በሐይቅ የሚደርሰውን በአነስተኛ መጠን ያሳየናል። ለተማሪ ደግሞ ከዚህ የቀረበና የረከሰ ቤተ ሙከራ የለም።

ተማሪዎች ደጋግመው «አዲስ ዓሣ ስንት ቀን ለብቻው ይቆይ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ። የምትፈሩት በሽታ የትኛው ነው? የውኃው ሙቀትስ ስንት ነው? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የሚሰጥ የቀን ቁጥር ልማድ እንጂ ዕውቀት ሊሆን አይችልም። የንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ለይቶ ማቆየት ጥንታዊ ብልሃት ነው። የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ በቀድሞ ስሟ ራጉዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለባቸው ስፍራዎች የሚመጡ መንገደኞች ወደ ከተማዋ ከመግባታቸው በፊት 30 ቀን በውጭ እንዲቆዩ ደነገገች። ቆይታው ኋላ ወደ 40 ቀን አደገ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም በቬኒስ ሰዎች አነጋገር አርባን ከሚያመለክተው ቃል የተገኘ ነው። እነዚያ ሰዎች የወረርሽኙን መንስኤ ስለማያውቁ ቀኑን በበሽታው ጠባይ ሊለኩ አልቻሉም። እኛ ግን የብዙ የዓሣ በሽታዎችን የሕይወት ዑደት እናውቃለን። ስለዚህ ቁጥሩን ከመውረስ ይልቅ ማስላት ይጠበቅብናል።

በአኳሪየም ዘንድ እጅግ የታወቀውን የነጭ ነጠብጣብ በሽታ እንመልከት። መንስኤው ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ አርቢዎች በአጭሩ «ኢክ» ይሉታል። ይህ ተሕዋስ በመጀመሪያ በዓሣው ቆዳና ስንጥብ የላይኛ ሽፋን ሥር ተቀብሮ እየተመገበ ያድጋል። በዐይን የሚታየው ነጭ ነጥብ እርሱ ነው። ካደገ በኋላ ዓሣውን ለቅቆ ወደ ገንዳው ወለል ይወርድና በሽፋን ተጠቅልሎ ይከፋፈላል፤ ከአንዱም በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ከ1,000 የሚበልጡ ልጆች ይወጣሉ። ልጆቹ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ካላገኙም ይሞታሉ። በውኃ ላይ የሚጨመሩት የተለመዱ መድኃኒቶች የሚያጠቁት ይህን በዋና ላይ ያለውን ደረጃ እንጂ በቆዳ ሥር የተቀበረውን ወይም በሽፋን የተጠቀለለውን አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ተሕዋሱ በስንጥብ ብቻ ሲኖር በዓሣው ገላ ላይ አንድም ነጥብ ላይታይ ይችላል። በሱቅ ውስጥ አንጸባርቆ የሚዋኝ ዓሣ ንጹሕ ነው ማለት አንችልም፤ ዐይን ያላየውን የሚገልጠው ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ የዑደቱ ፍጥነት በውኃው ሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ዑደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጠናቀቅ፣ በ10 ዲግሪ ግን ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሞቃት ውኃ ሦስት ሳምንት ማለት ሦስትና ከዚያ በላይ ዑደቶችን መመልከት ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ግን ያው ሦስት ሳምንት አንዱን እንኳ ላያሳይ ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ፣ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ጎልድፊሽ የሚያኖር ሰው ለሞቃት ውኃ የተጻፈውን የቀን ቁጥር እንዳለ ቢወስድ ከንቱ መተማመን ውስጥ ይገባል። ወይ ቀኑን ማርዘም፣ ወይ ዓሣው በሚችለው ልክ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በእስራኤልና በአሜሪካ በኮይና በተራው ካርፕ ላይ ባደረሰው እልቂት ታወቀ፤ ከዚያም በዓሣ ንግድ አማካይነት ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። በሽታው የሚገለጠው በአብዛኛው ውኃው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከዚህ በታች ቫይረሱ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ በሕይወት የተረፈው ዓሣም ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አዲስ ኮይን በ12 ዲግሪ ውኃ ሁለት ወር ለብቻው ያቆየ ሰው ቀኑን እንጂ በሽታውን አልፈተነም። ለኮይ በተለምዶ የሚመከረው በ24 ዲግሪ ገደማ ቢያንስ 30 ቀን ማቆየትና ከነባሮቹ ጥቂቶችን ለምስክርነት አብሮ ማኖር ነው። አዲሱ ዓሣ ራሱ ባይታመም እንኳ የሚሸከመው በሽታ በምስክሮቹ ላይ ሊገለጥ ይችላልና።

እስካሁን የተናገርሁት ለይቶ ማቆየት ሁሉን ይሽራል የሚል ስሜት እንዳይፈጥር ሦስተኛ ምሳሌ ላንሣ። አውስትራሊያ ወደ አገሯ የሚገቡ የጌጥ ዓሦችን ለይታ በማቆየት ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ናት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 በቪክቶሪያ ግዛት በአንድ የርባታ ጣቢያ የነበሩ ሙሬይ ኮድ የተባለው አገር በቀል ዓሣ ጫጩቶች በሜጋሎሳይቲቫይረስ በብዛት አለቁ። ቫይረሱ ሲጠና በጌጥ ዓሣ ንግድ ከሚመጣው ድንክ ጎራሚ ከተገኘው ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ምልክት ሳያሳይ የሚጓዝን ቫይረስ በቀን ቆጠራ ብቻ ማስቀረት እንደማይቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል። አገሪቱም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጎራሚና ሲክሊድን የመሳሰሉ ዓሦች ከዚህ ቫይረስ ነጻ መሆናቸው በቤተ ሙከራ ምርመራ እንዲረጋገጥ ማድረግ ጀመረች። ጊዜና ምርመራ አንዱ የሌላው ማሟያ እንጂ ምትክ አይደሉም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ልለው አልፈልግም። «ከጉዞ የደከመን ዓሣ በባዶ ገንዳ ማቆየት ራሱ ያሳምመዋል» ይባላል። ገንዳው ሳይዘጋጅ ከቀረ ተቃውሞው እውነት ነው። በአዲስ ማጣሪያ ውስጥ አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም፤ ስለዚህ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ሊመረዝ ይችላል። መፍትሔው ግን ለይቶ ማቆየትን መተው ሳይሆን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። የስፖንጅ ማጣሪያውን ዓሣ ከመግዛት ጥቂት ሳምንታት በፊት በነባሩ ገንዳ ውስጥ አቆይቶ ባክቴሪያ እንዲይዝ ማድረግ፣ አሞኒያውን በየጊዜው መለካት፣ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ መለወጥ፣ ዓሣው የሚሸሸግበት የፕላስቲክ ቧንቧ ማስገባት በቂ ነው። ወለሉ ያለ ጠጠር ባዶ ቢሆን ዐይነ ምድሩን ለመመርመርም፣ ለማጽዳትም ይመቻል።

የቀረው ሥርዓት ነው። ለይቶ ማቆያው የራሱ መረብ፣ የራሱ ቱቦና የራሱ ባልዲ ይኑረው። በየዕለቱ ነባሩን ገንዳ አስቀድማችሁ፣ አዲሱን በመጨረሻ አገልግሉ፤ ከዚያም እጃችሁን ታጠቡ። ከዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፈው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም በቁስል በኩል ስለሚገባ፣ በእጁ ላይ ጭረት ያለበት ሰው ጓንት ያድርግ። ዓሣው የመጣበትን የከረጢት ውኃ ወደ ገንዳው አትጨምሩ። በሽታው ሳይታወቅ «ለማንኛውም» ብሎ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መጨመርም መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ከማራባት በቀር የሚሰጠው ዋስትና የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመካከል አንድ አዲስ ዓሣ ከገባ ቆጠራው ለሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደንብ ይህ ነው።

ይህ ለአገራችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይከብድም። የቆሮሶና የካርፕ ጫጩቶች ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ኩሬ ይጓጓዛሉ። ከጫጩቶቹ ጋር ውኃው፣ ከውኃውም ጋር በዐይን የማይታየው ሁሉ ይጓዛል። የጣና ሐይቅ በበኩሉ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። እነዚህ ከካርፕ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው፤ ቢጠፉ ከሌላ አገር የሚተካቸው የለም። የመስታወት ገንዳ ቢበከል ባዶ አድርገን በበረኪና ልናጸዳው እንችላለን፤ ሐይቅን ግን ማንም ባዶ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ የአኳሪየም ዓሣም ሆነ የለይቶ ማቆያ ውኃ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ፈጽሞ ሊጣል አይገባም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በቤተ ሙከራችሁም ሆነ በቤታችሁ ከለይቶ ማቆያው አጠገብ አንድ ደብተር አኑሩ። ቀኑን፣ የውኃውን ሙቀት፣ የዓሣውን አተነፋፈስና የምግብ ፍላጎት፣ ገላውን ከዕቃ ጋር የሚያሻሽ መሆኑን መዝግቡ። ከዚያም «ስንት ቀን ይቆይ?» ለሚላችሁ ሰው ቁጥር ብቻ አትስጡት፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣም አስረዱት።